የኤስዩቪ የነዳጅ ፍጆታ ቁጥር ምንድን ነው? ወረቀቱ ላይ ያለውና መንገድ ላይ የሚበላውስ ለምን አይገጥምም?

ቢኤምደብልዩ ኤክስ 3፣ አውዲ ኪው 5፣ መርሴዲስ ጂኤልሲ፣ ቮልቮ ኤክስሲ 60፣ ሌክሰስ ኤንኤክስ... እነዚህ አነስ ያሉ የቅንጦት ኤስዩቪዎች (ቁመታቸው ከፍ ያሉ መኪኖች) ላይ ሰው ቶሎ ሚጠይቀው ነገር «በሊትር ስንት ይሄዳል?» ነው፣ ሻጩም አንድ ቁጥር ይጠራል በቃ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ግን ያ ቁጥር በምን መለኪያ እንደተባለና በየትኛው ፈተና እንደወጣ ካልታወቀ ሁለት መኪና ማወዳደር አይቻልም።

መጀመሪያ መለኪያው። የነዳጅ ፍጆታ ማለት መኪናው የተወሰነ መንገድ ለመሄድ ስንት ነዳጅ ይበላል ማለት ነው፣ አውሮፓ ውስጥ በ100 ኪሎሜትር ስንት ሊትር ይሉታል፣ አሜሪካ በጋሎን ስንት ማይል። የአሜሪካ 25 ማይል በጋሎን ማለት በ100 ኪሎሜትር 9.4 ሊትር አካባቢ ነው፣ በእኛ አባባል በሊትር 10.6 ኪሎሜትር። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ የእንግሊዝ ጋሎን 4.5 ሊትር ነው የአሜሪካው ደግሞ 3.8 ሊትር ገደማ፣ ስለዚህ ያው መኪና በእንግሊዞች ቪዲዮ 30 ሲባል በአሜሪካኖቹ 25 ቢባል ሁለቱም ልክ ናቸው።

እኔ በግሌ ለማወዳደር በ100 ኪሎሜትር ስንት ሊትር የሚለውን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም በሊትር ስንት ኪሎሜትር የሚለው አይን ያታልላል። ከ8 ወደ 10 ኪሎሜትር በሊትር ያሻሻለ ሰው በየ100 ኪሎሜትሩ 2.5 ሊትር ያተርፋል፣ ከ18 ወደ 20 ያሻሻለው ግን ግማሽ ሊትር ትንሽ አለፍ ቢል ነው፣ ሁለቱም ግን የ2 ኪሎሜትር ጭማሪ ናቸው አይደል? ብዙ የሚበላ መኪና ላይ ትንሽ መሻሻል ትልቅ ገንዘብ ነው።

ከዛ ፈተናው። ቁጥሩ የሚወጣው መንገድ ላይ ሳይሆን ላብራቶሪ ውስጥ መኪናው ሮለር ላይ ቆሞ እየነዱት ነው። የድሮው የአውሮፓ ፈተና ኤንኢዲሲ 11 ኪሎሜትር ብቻ፣ 20 ደቂቃ፣ በጣም ረጋ ያለ አነዳድ ስለነበር ቁጥሩ ከእውነቱ የራቀ ነበር። ከ2017 ጀምሮ የተተካው ደብልዩኤልቲፒ 23 ኪሎሜትር፣ 30 ደቂቃ ነው፣ ፍጥነቱም በሰዓት እስከ 131 ኪሎሜትር ይደርሳል። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት ኢፒኤ ደግሞ ከተማና አውራ ጎዳና ለየብቻ ይለካና 55 በመቶ ከተማ 45 በመቶ ጎዳና አድርጎ አንድ ቁጥር ያወጣል። ስለዚህ የአንዱን የድሮ ኤንኢዲሲ ቁጥር ከሌላው የኢፒኤ ቁጥር ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። ደብልዩኤልቲፒውም ቢሆን ይሻላል እንጂ ልክ አይደለም፣ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች መንገድ ላይ ከወረቀቱ 20 በመቶ ገደማ በልጠው ይበላሉ፣ ከነዳጅ ሞተሩ ሌላ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ ያላቸው ሃይብሪዶች ውስጥ በቻርጀር የሚሞሉት ፕለግኢኖቹ ላይ ደግሞ የሚያወጡት ካርቦን ከወረቀቱ 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል፣ ሰው እንደታሰበው ቻርጅ አያደርጋቸውማ።

እነዚህ መኪኖች ለምን ይበላሉ ካላችሁ፣ ከፍ ያሉ ናቸው፣ ከባድ ናቸው፣ ብዙዎቹ አራቱንም ጎማ ይነዳሉ። አብዛኛው ጊዜ ሞተሩ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ነው፣ ቱርቦ ደግሞ ለስለስ አድርገህ ስትነዳው እንደ ትንሽ ሞተር ይቆጥባል፣ ስትረግጠው ግን ቱርቦው ብዙ አየር ያስገባና ነዳጁም አብሮ ይጨምራል፣ ለዛ ነው የአንድ አይነት መኪና ባለቤቶች በቁጥር የማይስማሙት። ፍጥነትም አለ፣ የንፋስ ግፊት በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው፣ ከ100 ወደ 130 ስትወጣ መኪናውን ወደኋላ የሚገፋው ንፋስ 69 በመቶ ይጨምራል፣ ቁመቱ ከፍ ያለ መኪና ላይ ይሄ በደንብ ይታወቃል። ጣሪያ ላይ ትልቅ የእቃ ሳጥን ከጫናችሁማ ባሰ።

ሃይብሪዱ ጋ ነገሩ ይገለበጣል። የ2022 ሌክሰስ ኤንኤክስ 350 ቤንዚኑ በኢፒኤ 25 ማይል በጋሎን ነው፣ ሃይብሪዱ 350ኤች 39፣ ማለትም በ100 ኪሎሜትር 9.4 ሊትርና 6 ሊትር፣ በጣም ትልቅ ልዩነት ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ሃይብሪዱ ከተማ ውስጥ 41 ጎዳና ላይ 37 ነው፣ ፍሬን ስትይዝ የሚባክነውን ጉልበት ወደ ባትሪ ይመልሳል፣ ቆም ስትል ሞተሩ ይጠፋል። ውሎህ ትራፊክ መብራት ላይ ከሆነ ሃይብሪዱ ነው የሚያዋጣህ፣ ሁሌ ረጅም መንገድ ከሆነ ግን ልዩነቱ ይጠባል።

የራሳችሁን መኪና ትክክለኛ ቁጥር ማወቅ ከፈለጋችሁ ዳሽቦርዱን ብቻ አትመኑ፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ቀነስ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ፉል አስሞሉ፣ ትሪፑን (የጉዞ ቆጣሪውን) ዜሮ አድርጉት፣ እንደወትሮው ንዱ፣ ከዛ እንደገና ፉል ስታስሞሉ የገባውን ሊትር በ100 አባዝታችሁ በሄዳችሁት ኪሎሜትር አካፍሉት። 480 ኪሎሜትር ሄዳችሁ 46 ሊትር ከገባ በ100 ኪሎሜትር 9.6 ሊትር ነው። የማደያው ፓምፕ ሁሌ እኩል ቦታ ላይ ስለማይቆም የአንድ ጊዜውን አትያዙ፣ ደጋግማችሁ አማካዩን ያዙ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ የጎማውን ንፋስ የሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተጻፈው ልክ አስሞሉት። ቁጥሩ ከበዛባችሁ የጎማውን መጠንም እዩ፣ ያው ሞዴል ባለ 18 ኢንች እና ባለ 20 ኢንች ጎማ ሲሆን ፍጆታው እኩል አይደለም፣ ሻጩ የጠራው ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የትንሹ ጎማ ነው።