ራውንድ ሮቢን ምንድን ነው?

ጎረቤት ቡና ሲወቀጥ ከግድግዳው ማዶ ሆናችሁ አዳምጡ። ምቱ እኩል ነው። ድምፁ ግን እኩል አይደለም። ዘነዘናው አንዴ ፍሬው መሀል ያርፋል፣ አንዴ የሙቀጫውን ጎን ይነካል። ክንድ ይደክማል፣ ከዚያ ደግሞ ይበረታል። ወቃጩን ባታዩትም ሰው መሆኑን ታውቃላችሁ።

በኮምፒውተር ስትሪንግ፣ ማለትም እንደ ቫዮሊን ያሉ ባለ ክር መሣሪያዎችን፣ ስናቀናብር፣ አንድ ኖታ ቶሎ ቶሎ ስንደጋግም የሚጠፋብን ይኸው ነው። እዚህ ሐዋሳ በላፕቶፕ ሙዚቃ ከሚሠሩ ልጆች ጋር ስንቀመጥ ሁሌ ይነሳል። «ቫዮሊኑ ኖታ ይዞ ሲቆይ ያምራል። ስደጋግመው ለምን መትረየስ ይሆንብኛል?» ይሉኛል። ሌላውም ዓለም ይህን ችግር የሚጠራው በመትረየስ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሳምፕል ማለት የተቀዳ ድምፅ ነው። እውነተኛ የቫዮሊን ቡድን ስቱዲዮ ገብቶ ኖታዎቹን ለየብቻ ይጫወታል፤ ይቀዳል፤ ቅጂው ኪቦርዳችሁ ላይ በየቁልፉ ይቀመጣል። ቁልፉን ስምንት ጊዜ ብትነኩ ያው ቅጂ ስምንት ጊዜ ይጫወታል። ደጋኑ ክሩን ሲይዝ የምትሰማው ትንሽዬ ፍትጊያ እንኳ ስምንቱም ላይ አንድ ናት። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ሙዚቃ አንዱን ምት ለአራት ብትከፍሉት በሰከንድ 8 ኖታ ይሆናል። በሰከንድ 8 ጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ሲመጣ ጆሮ ወዲያው ማሽን መሆኑን ይነቃል።

ራውንድ ሮቢን የመጣው ለዚህ ነው። አንዱን ኖታ አንዴ ብቻ መቅዳት ቀርቶ ሦስቴ፣ አራቴ ወይም ከዚያ በላይ ይቀዱታል። ኖታው ያው፣ ጥንካሬው ያው፣ አጨዋወቱ ያው ነው፤ ቅጂው ግን ሌላ። ቁልፉን በነካችሁ ቁጥር ሶፍትዌሩ ቀጣዩን ቅጂ ያወጣል። እንደ ዕቁብ አስቡት። አንዴ የደረሰው ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ አይደገምም። አንዳንዱ ሶፍትዌር በቅደም ተከተል ይሄዳል፣ አንዳንዱ ዕጣ ያወጣል። ዕጣ ከሆነ አንዱ ቅጂ በተከታታይ ሁለቴ እንዳይወጣ መከልከል አለበት፤ አለዚያ መትረየሱ በየመሀሉ ብቅ ይላል።

ይህን ከቬሎሲቲ ጋር አታምታቱት። ቬሎሲቲ ቁልፉ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር የሚነግር የሚዲ መረጃ ነው፤ ሚዲ ኪቦርድና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። በለስላሳና በኃይለኛ ቅጂ መካከል የሚያማርጠው እሱ ነው። ራውንድ ሮቢን የሚሠራው በአንዱ የኃይል ደረጃ ውስጥ ነው።

የቅጂው ብዛት ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። አራት ቅጂ ይዛችሁ ምቱን ለአራት ከከፈላችሁት ያው ቅጂ ሁልጊዜ ምቱ መነሻ ላይ ይወድቃል። ከአራቱ አንዷ ትንሽ ጠንከር ካለች ሳትፈልጉት በየምቱ ትጮኻለች። ሦስት ቅጂ ቢሆን ግን ዙሩና ምቱ እንደገና የሚገጣጠሙት ከ12 ኖታ በኋላ ነው። ጆሮ ድግግሞሹን ለመያዝ ይቸገራል። ስለዚህ ላይብረሪ፣ ማለትም የሳምፕል ስብስብ፣ ስትመርጡ «ይሄኛው ብዙ ራውንድ ሮቢን አለው» ብትባሉ ቁጥሩን ብቻ አትዩ።

አንድ ጊዜ እዚሁ ከተማ አንድ አንጋፋ ማሲንቆ ተጫዋች ቤቴ መጡ። ማይኩን አስተካከልኩና «ጋሼ፣ አንዷን ድምፅ ብቻ ስምንት ጊዜ ይምቱልኝ፤ ሁሉም እኩል ይሁኑ» አልኳቸው። መቱልኝ። በስክሪኑ ላይ የድምፁን ቅርጽ አሳየኋቸው። ስምንቱም ይለያያሉ። አንዱ አነሳሱ ሾል ያለ ነው፣ አንዱ ሰፋ ብሎ ይጀምራል። እኔ የገረመኝ ልዩነቱ ነበር። እሳቸው ግን ምንም አልገረማቸውም። ደጋኑን አንስተው በአየር ላይ ወደዚያና ወደዚህ እያንቀሳቀሱ «ሲሄድና ሲመለስ እኮ አንድ አይደለም ልጄ» አሉኝ።

የቫዮሊኑም ነገር እንደዚሁ ነው። ደጋኑ ወደ ታች ሲጎተት ድምፁ በተፈጥሮው ከበድ ይላል፤ ወደ ላይ ሲገፋ ቀለል ይላል። ተጫዋቾች ጠንካራውን ምት አብዛኛውን ጊዜ በወደ ታቹ የሚጀምሩት ለዚህ ነው። ልዩነቱ አቅጣጫ አለው ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ሰው የተጫወተው ለማስመሰል «ሂውማናይዝ» የሚለውን ተጭነው ሁሉን ነገር በዘፈቀደ የሚበትኑ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሰው እጅ ይለያያል እንጂ አይዘባርቅም። በእኔ እምነት ቬሎሲቲው በደንብ የተስተካከለ አራት ቅጂ፣ ሁሉም ኖታ 100 ላይ ከተሰለፈበት አሥር ቅጂ ይበልጣል።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ቬሎሲቲውን የምቱ መነሻ ላይ 95 አካባቢ፣ ቀጥሎ ያለውን 70፣ ሦስተኛውን 80፣ አራተኛውን 68 አድርጌ እጀምራለሁ። ከዚያ ሐረጉ ወዴት እንደሚሄድ አይና ሁሉንም አብሬ ቀስ እያልኩ አሳድጋለሁ ወይም አወርዳለሁ። ኖታው የሚነሳበትን ሰዓት ብዙ አልነካካም። ጥቂት ሚሊሰከንድ ወዲህ ወዲያ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ቡድኑ ያልተለማመደ ይመስላል። ኖታው እጅግ ፈጥኖ እንዲንቀጠቀጥ ስፈልግ ደግሞ አጫጭር ኖታ መደርደሩን ትቼ ራሱ ትሬሞሎ ተብሎ የተቀዳውን እወስዳለሁ።

ላይብረሪያችሁ ነፃ ስለሆነ ራውንድ ሮቢን ከሌለው ከጎረቤት ተበደሩ። የሬን ቅጂ ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ የዶን ቅጂ ደግሞ ግማሽ ድምፅ ከፍ ብታደርጉ ሁለቱም ዶ ዲዬዝ፣ በዶና በሬ መሀል ያለው ኖታ፣ ይሆናሉ። ከራሱ ከዶ ዲዬዝ ቅጂ ጋር ሦስት ሆኑ ማለት ነው። በግማሽ ድምፅ ርቀት ለውጡ እምብዛም አይታወቅም። ከዚያ አትራቁ፤ በጣም ሲወርድ ቫዮሊኑ ይደነዝዛል፣ በጣም ሲወጣ ይቀጥናል።

ራውንድ ሮቢን አንድ የሚያስቸግር ጠባይ አለው። ዙሩ ሙዚቃውን ስታቆሙ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ሁልጊዜ ወደ አንደኛው ቅጂ አይመለስም። ማታ የወደዳችሁት ሐረግ ጠዋት ሌላ ሆኖ የሚጠብቃችሁ በዚህ ነው። ወደ ታችና ወደ ላይ እያፈራረቀ በተቀዳ ላይብረሪ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ቀላሉ ምት ጠንካራው ቦታ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አንዳንዱ ሶፍትዌር ዙሩን ከመጀመሪያው የሚያስነሳ ቁልፍ አለው። ካለ በየሐረጉ መነሻ ላይ አስገቡት። ከሌለ ደጋግማችሁ አጫውቱና፣ ዙሩ በትክክል የገጠመ ጊዜ ያንን ሐረግ እዚያው ወደ ኦዲዮ ቀይሩት።