ፓወር በተን ምንድን ነው? ከኮምፒውተር ሥርስ ምን ይሠራል?

የአፕል ማክ ሚኒ ትንሽዬ ኮምፒውተር ናት። ርዝመቷም ወርዷም 12.7 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቷ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ከፊት ሁለት የዩኤስቢ ሲ መሰኪያና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አላት። የቀሩት መሰኪያዎች ከኋላ ተደርድረዋል። ጎኖቿ ልሙጥ ናቸው። አናቷ ላይ አርማው ብቻ አለ። ገመዱን ሰክታችሁ፣ ስክሪኑን አገናኝታችሁ፣ ልትከፍቷት እጃችሁን ስትሰዱ የምትጫኑት ነገር የለም። ዙሪያዋን ትዳብሳላችሁ። በመጨረሻ ስታነሷት ታገኙታላችሁ። ፓወር በተኑ ከሥሯ ነው፤ በስተኋላ ባለው ጥግ ላይ፣ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አዙሮ።

ይህችን ማክ ሚኒ አፕል ያስተዋወቃት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የበተኑ ቦታ ብዙ አነጋግሯል። አንዳንዱ «ምን አስበው ነው?» አለ። ሌላው «ዛሬ ማን ኮምፒውተር ይዘጋል?» ብሎ መለሰ። እኔ ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው ባይ ነኝ። ክርክሩ በደንብ የሚገባን ግን ፓወር በተን ራሱ ምን እንደሆነ ስናውቅ ነው። አብዛኞቻችን ከምናስበው የተለየ ነገር ነውና።

ከቋንቋችን ልጀምር። አምፖልን «አጥፋው» እንላለን። ኮምፒውተርን ግን «አጥፋው»ም «ዝጋው»ም እንለዋለን። ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥረን እናቀያይራቸዋለን። የፓወር በተን ታሪክ ያለው በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ይመስለኛል። ማጥፋት ኃይሉን መቁረጥ ነው። መዝጋት ደግሞ ቤቱን ለቆ የሚሄድ ሰው መስኮቱን ገጥሞ፣ ምድጃውን አጥፍቶ፣ በሩን ቆልፎ እንደሚወጣው ነው። ቅደም ተከተል አለው። ጊዜም ይፈልጋል።

የድሮዎቹ ኮምፒውተሮች የነበራቸው ማጥፊያ ነው። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ በቀኝ ጎኑ፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ፣ ትልቅ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ነበረው። እዚያ የተደረገው በምክንያት ነው። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያድለው ክፍል፣ ያለው በዚያ ጥግ ነበር፤ ማጥፊያውም በቀጥታ እሱ ላይ ተገጥሟል። ከግድግዳው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በዚያ ማጥፊያ በኩል ያልፋል። ቀጭ ሲያደርጉት መስመሩ ይቆረጣል። ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ፋይል እየጻፈ ይሁን አይሁን ማጥፊያው አያውቅም። አይጠይቅምም።

በዊንዶውስ 95 ዘመን ኮምፒውተር የነካ ሰው ያቺን ጥቁር ስክሪን ያስታውሳታል። ኮምፒውተሩን ሻትዳውን ታደርጋላችሁ። ከዚያ በብርቱካንማ ፊደል አሁን ማጥፋት እንደሚቻል የሚገልጽ ጽሑፍ ይመጣል። ሶፍትዌሩ መዝጋቱን ጨርሷል፤ ማጥፋቱ ግን ከአቅሙ በላይ ነው። የሰው እጅ ይጠብቃል። መዝጋትና ማጥፋት ሁለት ሥራ መሆናቸው እንደዚያ ጊዜ ቁልጭ ብሎ የታየበት ወቅት የለም።

በዚያው በ1995 ቺፕ አምራቹ ኢንቴል ኤቲኤክስ የሚባለውን የማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) እና የፓወር ሰፕላይ ደረጃ አወጣ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። የኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ሶኬት ላይ እስከተሰካ ድረስ ለማዘርቦርዱ ትንሽ የ5 ቮልት ኃይል ይልካል። ኮምፒውተሩ ተዘግቶም ይልካል። ፊት ለፊት ያለው በተን ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር አይገናኝም። ሲጫኑት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችን ለቅጽበት ያነካካል፤ ሲለቁት ይለያያሉ። ሥራው ይኸው ነው። ያቺን ምልክት ያገኘው ማዘርቦርድ ፓወር ሰፕላዩን «ሙሉ ኃይል ልቀቅ» ይለዋል። ሐሳቡ በእርግጥ ቀደም ብሎም ነበረ። በ1987 የወጣውን የአፕሉን ማኪንቶሽ ሁለትን ከኪቦርዱ ላይ መክፈት ይቻል ነበር። ለዛሬዋ ሚኒ እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢኖራት ኖሮ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልተነሣ።

በ1996 ደግሞ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የተባለውን የኃይል አያያዝ ደንብ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ በተኑን ስትነኩት መልእክቱ የሚሄደው ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ምን ይደረግ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ በተኑ ሲነካ ኮምፒውተሩ እንዲዘጋ፣ ስሊፕ እንዲያደርግ (ሳይዘጋ እንዲተኛ)፣ ወይም ጭራሽ ምንም እንዳያደርግ መምረጥ ትችላላችሁ። ሲጫኑት ምንም እንዳያደርግ ሊታዘዝ የሚችልን ነገር ማጥፊያ ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ መልሱ ይህ ነው፦ የዛሬው ፓወር በተን መጥሪያ ነው። የበር ደወል በሉት። እናንተ ትደውላላችሁ፤ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ውስጥ ያለው ነው።

በተኑ ላይ ያለው ምልክት ራሱ ይህንን ይናገራል። ቀጥ ያለችው መስመር 1 ናት፤ ክቡ 0 ነው። 1 በርቷል፣ 0 ጠፍቷል። ግልጽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ላይ ሁለቱ ለየብቻ ይታተማሉ። መስመሯ ክቡን ከላይ ሰብራ የምትገባበት ምልክት ግን በዓለም አቀፉ ደረጃ ትርጉሟ «ስታንድባይ» ነበር፤ ማለትም ኃይሉ ጨርሶ አልተቆረጠም። በ2004 አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው ደረጃ ያቺው ምልክት የፓወር አጠቃላይ ምልክት ሆነች። ዛሬ በየመሣሪያው ላይ የምናያት እሷን ነው።

መጥሪያው ግን አንድ ትልቅ ሥልጣን ተትቶለታል። ኮምፒውተሩ ስታክ አድርጎ፣ ማውሱ ደርቆ፣ ውስጥ ያለው አልሰማም ሲል በተኑን ተጭኖ መያዝ ይቻላል። በኤሲፒአይ ደንብ ከ4 ሰከንድ በላይ ከተያዘ ሃርድዌሩ ማንንም ሳይጠይቅ ኃይሉን ይቆርጣል። ማክ ላይ እስከ 10 ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። ያ የ1981 ቀይ ማጥፊያ በዛሬው በተን ውስጥ አሁንም አለ ማለት ነው። የሚወጣው በችግር ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትንሿ ኮምፒውተር እንመለስ። በተኑ መጥሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ የትም ቢቀመጥ ብዙም ባላስጨነቀ። ማክ ሚኒ በ2005 ከወጣችበት ጊዜ ጀምሮ በተኗ ከኋላ ነበር። ያም ቢሆን ብዙ አይመችም፤ ግን እጅ ይደርስበታል። ከ2024ቱ በፊት የነበረችው ጎኗ 19.7 ሴንቲ ሜትር ነበር። አዲሷ ጠረጴዛ ላይ የምትይዘው ቦታ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በዚያች ጠባብ ጀርባ ላይ የኃይል ገመዱ፣ የኢተርኔቱ፣ የኤችዲኤምአዩና ሦስት የተንደርቦልት መሰኪያዎች አሉ። የአፕል ኃላፊዎቹ ግሬግ ጆስዊያክና ጆን ተርነስ ስለዚሁ ተጠይቀው ሁለት ነገር መልሰዋል፦ አንደኛ፣ መጠኗ ስለቀነሰ በተኑ የሚገባበት ቦታ መፈለግ ነበረበት፤ ሁለተኛ፣ የማክ ተጠቃሚ ይህን በተን የሚነካው ከስንት አንዴ ነው።

ሁለተኛው መልስ እውነት ነው። ማክ ስሊፕ ያደርጋል፤ ኪቦርዱ ሲነካ ይነቃል። አፕል ባወጣው መረጃ ኤም4 የተባለው የአፕል ቺፕ ያላት ሚኒ በርታ ሥራ ፈታ ስትቀመጥ የምትፈጀው 4 ዋት ገደማ ነው። ይህ ከአንድ የኤልኢዲ አምፖል ያነሰ ነው። በየማታው ካልዘጋሁ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ለብዙ ሰው በተኑ ከሥር ሆነ ከላይ የዕለት ኑሮውን አይነካውም።

እኔን ያላሳመነኝ «ብዙ ጊዜ አይነካም» ከሚለው ተነሥቶ «ስለዚህ የትም ይሁን» ላይ መድረሱ ነው። የእሳት ማጥፊያ ለዓመታት ማንም ሳይነካው ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይችላል። ማንም ግን ከቁም ሣጥን ጀርባ አይሰቅለውም። በሚፈለግበት ቀን በፍጥነት መገኘት አለበት። ፓወር በተንም እንደዚያ ነው። የምንፈልገው ስክሪኑ ሲደርቅ፣ ሥራው ሳይቀመጥ ሲቀር፣ ልባችን ሲደነግጥ ነው። በዚያች ሰዓት ኮምፒውተር ገልብጦ ጥግ መፈለግ ተገቢ አይመስለኝም።

ማክ ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ኢንቴል ፕሮሰሰር በነበራቸው ማኮች ላይ ሲስተሙ ሲበላሽ ወደ ጥገናው ክፍል የሚገባው ኮምፒውተሩ ሲነሣ የኪቦርድ ቁልፎችን ይዞ ነበር። ከ2020 ጀምሮ አፕል የራሱን ቺፕ ወደ ማክ ሲያስገባ መንገዱ ተቀየረ። አሁን ኮምፒውተሩን ከዘጋችሁ በኋላ ራሱን ፓወር በተኑን ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፤ የማስነሻ አማራጮቹ እየመጡ እንደሆነ ስክሪኑ እስኪነግራችሁ ድረስ አትለቁም። ስለዚህ በተኑ ደወልም፣ የአደጋ ጊዜ ማጥፊያም፣ የጥገና በርም ሆኗል። ሥራው በበዛ ቁጥር ቦታው መራቁ ነው የማይገባኝ።

የአካሉም ጉዳይ አለ። ሚኒዋ 0.67 ኪሎ ግራም ናት። ከሥር ወደ ላይ ስትገፏት እሷው ትነሣለች። ስለዚህ በተኑን ለመጫን ከላይ በሌላ ጣት መያዝ ያስፈልጋል። ጤነኛ እጅ ላለው ሰው ምንም አይደል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ፣ ጣቱ ለማይታጠፍለት፣ ወይም በዳሰሳ ለሚሠራ ዓይነ ስውር ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞም ብዙ ሰው እንዲህ ያለችውን ትንሽ ኮምፒውተር የሚገዛው ደብቆ ሊያስቀምጣት ነው፦ ከስክሪን ጀርባ፣ ከጠረጴዛ ሥር፣ መደርደሪያ ውስጥ። በብዛት ገዝተው ደርድረው በርቀት የሚጠቀሙባቸው ድርጅቶችም አሉ። በስሪዲ ፕሪንተር የታተሙ መጫኛዎች ወዲያው ብቅ ያሉት ለዚህ ነው። ከጎን ሲነኩት ከሥር በተኑን የሚገፋ ትንሽ ዘንግ ማለት ነው። ሰዎች እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመሥራት መነሣታቸው ችግሩ እውነተኛ መሆኑን ያሳያል።

ሌሎቹ ትንንሽ ኮምፒውተሮችስ? የኢንቴል ኑክ የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች በተናቸው አናታቸው ላይ ነበር። ለማግኘት ከዚህ የቀለለ ቦታ የለም፤ ግን ላያቸው ላይ መጽሐፍ ያስቀመጠ ሰው ሳያስበው ሊጫነው ይችላል። በኋላ የመጡት ወደ ፊት ለፊት አመጡት። ራስበሪ ፓይ በበኩሉ ቦርዱ ላይ ፓወር በተን የሚባል ሳይኖረው ብዙ ዓመት ቆየ፤ ገመዱን መሰካትና መንቀል ነበር። በተን የተገጠመለት በ2023 በወጣው ራስበሪ ፓይ 5 ነው። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ፊት ለፊት፣ ከገጹ በጥቂቱ ገባ ያለ፣ በጣት ዳሰሳ የሚታወቅ በተን ነው። በስሕተት አይነካም፤ ሲፈለግም አይጠፋም።

ሚኒዋን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ በተኑን የምትነኩበትን ቀን መቀነስ ትችላላችሁ። በማክ ሴቲንግ ውስጥ ኃይልን የሚመለከተው ገጽ ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርግ ምርጫ አለ። እሱን አብሩት። የሚሠራው ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ መብራት ከተቋረጠበት ነው፤ ራሳችሁ ዘግታችሁት ከነበረ አትጠብቁት። ሌላ ፒሲ ያላችሁም ባዮስ (ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በፊት የሚከፈተው መቼት) ውስጥ ተመሳሳይ ምርጫ ታገኛላችሁ። ብዙውን ጊዜ ሦስት መልስ አለው፦ ጠፍቶ ይቆይ፣ ይነሣ፣ ወይም መብራት ከመጥፋቱ በፊት ወደነበረበት ይመለስ። ማታ ማታ መዝጋቱንም ትታችሁ ስሊፕ አድርጓት።

ለቀረው ደግሞ ልምምድ ያስፈልጋል። ገመዶቹን ከኋላ ስትሰኩ ትንሽ ላላ አድርጓቸው፤ ጥጓ ከፍ ስትል እንዳይጎትቷት። ከበተኑ ጥግ አጠገብ ለአንድ ጣት የሚበቃ ባዶ ቦታ ተዉ። ከዚያ አውራ ጣታችሁን ከላይ፣ ሌባ ጣታችሁን ከሥር አድርጋችሁ ጥጉን ቆንጠጥ አድርጉት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሩት፤ ጣታችሁ ቦታውን ይለምደዋል።