የእንግሊዝኛ ቃላት በጎንደር፦ መንገድ ላይ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ

ጎንደር ውስጥ ሰው ሳያስበው በየቀኑ የእንግሊዝኛ ቃል ይናገራል። ባጃጅ ውስጥ፣ ካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ፣ ድራፍት ቤት፣ ፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ላይ። ይህ ዳሰሳ እነዚህ ቃላት በየት ገቡ፣ እዚህ ምን ማለት ሆኑ፣ በሳይንስስ ትርጉማቸው የት ላይ ይለያል የሚለውን በአንድ ቦታ ለመሰብሰብ የተጻፈ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የሆስፒታሉ ክፍል ከሌላው ረዝሟል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከተማችን እንግሊዝኛን የለመደችው በዋናነት ከሐኪም ቤት ነው።

ቀደም ያለው ጊዜ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገባ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደንና ወዳጁ ጆን ቤል በአካባቢው ኖሩ፤ ሁለቱም በ1860 እዚሁ አገር ሞቱ። ከነሱ ተርፎ በከተማው አፍ የቀረ ቃል ግን የለም ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ትምህርት ማለት ግእዝ ነው፣ ዜማ ነው፣ ቅኔ ነው።

ከ1936 እስከ ኅዳር 1941 ጣሊያን ነበር። የሱ ቃላት ፒያሳና ጋራዥ ውስጥ ቀርተዋል፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኮፋኖ። ብዙ ሰው እነዚህንም እንግሊዝኛ ያደርጋቸዋል፤ አይደሉም። እንደ ሞተርና ባንክ ያሉት ላይ ግን ክርክር አለ፤ ከጣሊያንም ከእንግሊዝኛም ከፈረንሳይኛም ሊመጡ ይችላሉ፣ እዚህ አልፈርድም።

ኮሌጁ

ነገሩ የተለወጠው በ1954 ነው። በዚያ ዓመት የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሰልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካኖች ተባብረው ያቋቋሙት ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለከተማው ቅርብ በሆነችው ደምቢያ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር፤ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው እንደጨረሰ ይነገራል። ኮሌጁ እዚሁ እንዲሆን ካስወሰኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። በነገራችን ላይ «ማላሪያ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ ነው፣ መጥፎ አየር ማለት ነው። በሽታው ከረግረግ ሽታ ይመጣል ብለው ስላሰቡ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ በ1897 ነገሩ የትንኝ ሥራ መሆኑን ሲያሳይ ስሙ ስህተት ሆኖ ቀረ፤ ማንም ግን አልለወጠውም። የኛው «ንዳድ» ትኩሳቱን ስለሚናገር ቢያንስ አልዋሸም።

ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ነበር የሚያሠለጥነው፦ ሄልዝ ኦፊሰር፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሄልዝ ኦፊሰር ብዙ ጊዜ በአጭሩ «ኤች ኦ» ነው የሚባለው፤ በአማርኛ «ጤና መኮንን» ተብሏል። ሐኪም በሌለበት ወረዳ ሁሉን የሚሠራ ሰው ነበር። ሳኒታሪያኑ የውሃ፣ የሽንት ቤትና የምግብ ቤት ንጽሕና ተቆጣጣሪ ነው። ሠልጣኞቹ በቡድን ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ ወርደው ይለማመዱ ነበር። ቃላቱ ከግቢው ወጥተው ገበሬው ዘንድ የደረሱት በነሱ አፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ከነሱ በታች «ድሬሰር» ነበር። ቁስል የሚያጥብና የሚያሽግ ማለት ነው፤ በገጠር ግን ድሬሰሩ መርፌም ይወጋል፣ ይመክራል፣ ይታመናል።

መጠሪያዎቹ እዚህ ሲደርሱ ሰፍተዋል። እንግሊዝ አገር «ሲስተር» የሚባለው የአንድ ክፍል ኃላፊ የሆነች ነርስ ነው። እዚህ ነጭ የለበሰች ነርስ ሁሉ ሲስተር ናት። «ዶክተር»ም እንደዚያው፤ ነርሱም ኤች ኦውም ተለማማጁም በታካሚ አፍ «ዶክተርዬ» ነው። ቃሉ በላቲን ከማስተማር ነው የመጣው፤ እንግዲህ መምህር ከመባል ተነስቶ መድኃኒት አዛዥ ሆኗል።

በ1978 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። የምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ አግዞታል። ጀርመኖቹ ዕውቀት ትተው ሄዱ፤ ቃል ግን አልተዉልንም፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበርና። በ2004 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። አዲስ አበባዎች «የኛ የሕክምና ትምህርት ይቀድማል» ይላሉ። በሐኪም ዲግሪ ከሆነ እውነታቸውን ነው፣ እነሱ በ1960ዎቹ ጀምረዋል። በሕዝብ ጤና ባለሙያ ማሠልጠን ከሆነ ግን ጎንደር ናት ቀዳሚዋ።

ሆስፒታል ውስጥ ቃል ሲጠብ

የሳይንስ ቃል ከመንገዱ ቃል ይጠብባል። ችግሩ ድምፁ አንድ መሆኑ ነው።

«ፖዘቲቭ» ጥሩ ምሳሌ ነው። መንገድ ላይ «ፖዘቲቭ አስብ» ሲባል በጎ ነገር ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ግን «የፈለግነው ነገር ተገኝቷል» ከማለት በስተቀር ጥሩም መጥፎም አይልም፤ እርግዝና ለምትፈልግ ደስታ ነው፣ ወባ ለሚመረመር ደግሞ መርዶ። በኤችአይቪ ዘመን ቃሉ ጭራሽ የበሽታው መጠሪያ ሆኖ ነበር። «ፖዘቲቭ ነው» ከተባለ የምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። «ቫይረስ»ም እንዲሁ አንዱን በሽታ ብቻ ይጠራ ነበር፤ በ2020 ኮሮና መጥቶ ነጠቀው።

«አኪዩት»ና «ክሮኒክ» ደግሞ ብዙ ሰው የሚያደናግሩ ናቸው። ካርዱ ላይ «አኪዩት» ተጽፎ ያየ ቤተሰብ ይደነግጣል፣ «ክሮኒክ» ሲባል አበቃለት ይላል። ሁለቱም ስለ ጊዜ ነው የሚናገሩት። አኪዩት በድንገት የመጣ፣ ክሮኒክ የቆየ። ጉንፋንም አኪዩት ነው።

ታይፎይድና ታይፈስ እዚህ አገር እንደ መንትያ አብረው ነው የሚጠሩት። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ተባልኩ» ያላለ ጎንደሬ ካለ ብርቅ ነው። ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ በምግብና በውሃ ይገባል። ወረርሽኝ የሚሆነው ታይፈስ ሪኬትሲያ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፣ የልብስ ቅማል ነው የምታስተላልፈው። ስሙ ግን አንድ ሥር አለው። በግሪክ ጭስ ወይም ጉም ማለት ነው፤ በሽተኛው በትኩሳቱ ስለሚደነዝዝ። «ኦይድ» የምትለዋ ጭራ «የሚመስል» ማለት ናት። ስለዚህ ታይፎይድ ማለት ታይፈስ የሚመስል ነው። የኛም ሰው «ተስቦ» እና «የአንጀት ተስቦ» ብሎ ለያቸው እንጂ አንድ አላደረጋቸውም፤ ሁለቱን የደባለቀው የዘመናችን ልማድ ነው።

ጭራዎቹን ማወቅ ይጠቅማል። «አይተስ» መቆጣት ነው፦ ጋስትራይተስ የጨጓራ፣ ሄፓታይተስ የጉበት፣ ቶንሲላይተስ የቶንሲል። ሄፓታይተስ ሰፈር ውስጥ «የወፍ በሽታ» ነው፤ በትክክል ግን የወፍ በሽታ ዓይን ቢጫ የማድረጉ ምልክት እንጂ የጉበቱ መቆጣት አይደለም። «ኢንፌክሽን» ደግሞ የበሽታ ስም አይደለም፣ የበሽታ ዓይነት ነው፤ ኢንፌክሽን አለብህ የተባለ ሰው የምን ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

«ግሉኮስ»ም አለ። በደም ሥር የሚንጠለጠል ማንኛውም ፈሳሽ ለአስታማሚ ግሉኮስ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የተንጠለጠለው ስኳር የሌለበት፣ በሊትር 9 ግራም ጨው ያለበት «ኖርማል ሳላይን» ነው።

«ኖርማል»ን ቆም ብሎ ማየት ይገባል። የጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንት ላይ ቤትና ታች ቤት በሚባሉ ሁለት ወገኖች ተከፍለው አንድን ቃል በ«አንድም» ሲተረትሩ የኖሩ ናቸው፤ ይህችን ቢያገኟት ደስ ይላቸው ነበር። ኖርማል፣ ደህና ማለት ነው፤ «ውጤትህ ኖርማል ነው» እንዲሉ። አንድም፣ በጂኦሜትሪ ከወለል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ነው። አንድም፣ በስታቲስቲክስ መሀሉ ያበጠ ግራና ቀኙ የሳሳ ስርጭት ነው። አንድም፣ በኬሚስትሪ «በባሕር ወለል የአየር ግፊት የተለካ» ማለት ነው። መጽሐፉ የውሃ ኖርማል የመፍያ ነጥብ 100 ዲግሪ ነው ይላል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መጽሐፉም አልተሳሳተም፣ የጎንደር ውሃም ደህና ነው።

መንገድ ላይ

እዚህ ቃሉ ይሰፋል፣ ወይም ጨርሶ ቤት ይቀይራል። «ግሮሰሪ» እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ሩዝና ዘይት የሚሸመትበት ነው፤ እኛ ዘንድ ቢራ የሚጠጣበት። አንድ ቱሪስት «ግሮሰሪ» የሚል ታፔላ አይቶ ዳቦና ወተት ፍለጋ ቢገባ አይፈረድበትም። «ሆቴል» አልጋ ባይኖረውም ሆቴል ነው፣ ሽሮ ካለ ይበቃል። «ሰርቪስ» የመሥሪያ ቤት መኪና ነው፣ ደግሞም ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች ክፍል ናት። «ድራፍት» ከበርሜል የሚቀዳ ቢራ ነው፣ የራሳችን ዳሸን ያለባት ከተማ ናትና ይህን ማብራራት አያስፈልግም፤ ቢሮ ውስጥ ግን ያላለቀ ጽሑፍ ነው። «ባጃጅ» የሕንድ ኩባንያ ስም ነው። «ካርድ» ሆስፒታል ይወጣል፣ ስልክ ላይ ይሞላል፣ ትምህርት ቤት በሰኔ ይሰጣል፣ ሜዳ ላይ ቢጫና ቀይ ሆኖ ይመዘዛል። በ2021 ፋሲል ከነማ ሊጉን ሲበላ ከተማው ውስጥ ጎል፣ ኮርነርና ኦፍሳይድ የማይል ሰው አልነበረም።

ግሡን የምንሠራው በ«አደረገ» ነው። ሴቭ አድርገው፣ ኮፒ አድርጊ፣ ሚስኮል አድርግልኝ። ብዛቱ በ«ኦች» ነው፦ ፋይሎች፣ ኬዞች። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ደግሞ የራሱ አለው፦ ፍሬሽ (አዲስ ገቢ)፣ ጂሲ (ተመራቂ)፣ ሚድ (የመንፈቅ አጋማሽ ፈተና)፣ ዶርም (መኝታ)፣ ነን ካፌ (ከግቢው ካፌ የማይመገብ)። መምህሩ «ቲቸር» ነው፣ ስም አይጠራም።

የአስጎብኚዎች ቃል አንድ ክርክር አለበት። ለፈረንጅ «ካስል» ይላሉ። ጎንደሬ «የፋሲል ግንብ» ነው የሚለው። ካስል በእንግሊዝኛ ምሽግነት ያለው መኖሪያ ነው፣ ፓላስ ደግሞ ቤተ መንግሥት፤ አንዳንዶች ፓላስ ይሻላል ይላሉ፣ ሁለቱም የሚያስኬድ ይመስላል። ዩኔስኮ በ1979 ሲመዘግበው ከሁለቱም ሳይሆን «ፋሲል ግቢ» ብሎ ነው። ጥምቀት የሚከበርበትን ግን «ባዝ» ማለት ትክክል አይደለም። ጥምቀተ ባሕር ነው፣ ገላ መታጠቢያ አይደለም።

ክፍል ውስጥ

እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ከአገር ውስጥ ቋንቋዎቹ በቀር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በ2004 ደግሞ «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ተማሪዎቹ በማያውቁት ቅላጼ ይነጉድ ነበር፣ «ቲቸር ምን አለ?» ቢሉት አይቆምም ነበር።

ተማሪ የሚሰናከለው አዲስ ቃል ላይ አይደለም፣ የሚያውቀው ቃል ላይ ነው። «ወርክ»ን ውሰዱ። ውሃ ጠፍቶ ቦኖ ላይ 20 ሊትር ጀሪካን አንጠልጥሎ ግማሽ ሰዓት የቆመ ልጅ ክንዱ ይዝላል። ፊዚክስ ግን ጀሪካኑ ላይ የሠራኸው ወርክ ዜሮ ነው ይለዋል፤ ወርክ ኃይል ሲባዛ በተጓዘው ርቀት ነውና፣ ጀሪካኑ አልተንቀሳቀሰም። ገበያ ላይ ክብደቱ 20 ኪሎ ነው። ፊዚክስ ውስጥ 20 ኪሎው «ማስ» ነው፣ «ዌይት» ደግሞ መሬት የምትስበው ኃይል ሆኖ 196 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ጀሪካን ራሱ የጦርነት ቃል ነው፤ እንግሊዞች ጀርመኖችን በቅጽል ስም «ጄሪ» ይሉ ነበር፣ ዕቃው የጀርመን ሥራ ነው።

«ቲዎሪ»ም እንዲሁ። መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ቲዎሪና ተግባር ይፈተናል፣ ስለዚህ ቲዎሪ ማለት ወሬ ይመስለዋል። በሳይንስ በተደጋጋሚ ተፈትኖ የቆመ ማብራሪያ ነው፤ ግምት የሚባለው «ሃይፖቴሲስ» ነው።

ከኛ የወሰዱት

መንገዱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን አይቶ ሲመለስ «ጭላዳ»ን «ጌላዳ»፣ «ዋልያ»ን «ዋሊ» አድርጎ የሳይንስ ስም ውስጥ አስገባቸው። ቀይ ቀበሮንም «ካኒስ ሲመንሲስ» ብሎ በሰሜን ስም ሰየመው። በእንግሊዝኛ ፎክስም ጃካልም ሲባል ቆይቶ የዘረመል ምርመራ ከተኩላ እንደሚቀርብ ስላሳየ አሁን «ኢትዮጵያን ዎልፍ» ነው።

የብሩስ ስምም በእጽዋት ላይ ቀርቷል። እኛ ዋጊኖስ ወይም አባሎ የምንለው ቁጥቋጦ ለሱ ሲባል «ብሩሲያ» ተብሏል፤ ብሩስ ተቅማጥ የሚያድን መድኃኒት ብሎ የጻፈለት ነው። በ1819 ፈረንሳዮቹ ኬሚስቶች ፔልቲየና ካቫንቱ ከአንድ ቅርፊት መርዝ አወጡ። ቅርፊቱ የዚሁ ተክል ስለመሰላቸው መርዙ «ብሩሲን» ተባለ። ቅርፊቱ ግን የሌላ ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ስሙ እስከ ዛሬ አልተስተካከለም፤ ዋጊኖስ ውስጥ ብሩሲን የለም።