«ዕድለኛ ነሽ» ከማለታችን በፊት

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ስለ ዕድል እንነጋገር።

አንዱ ዲቪ ሲደርሰው «ዕድለኛ ነው» እንላለን። በየዓመቱ እየሞላ ያልደረሰው ደግሞ «የኔ ዕድል ጠማማ ነው» ይላል። ያገባች፣ የወለደች፣ ጥሩ ሥራ የያዘች ዕድሏ የቀና ናት። ይህ የቀረባት ዕድለ ቢስ ትባላለች። እኛ አማኞችም ከዚህ አነጋገር ብዙ አልራቅንም። እንዲያውም «በረከት»ን የዕድል ሌላ ስም አድርገነዋል። የተሳካለት ተባረከ፣ ያልተሳካለት ግን አንድ ነገር ጎድሎበታል እንላለን። ይህ አካሄድ ብዙ ሰው ስለሚያቆስል ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጽሐፍ ቅዱስ አጋጣሚ የሚባል ነገር የለም አይልም። መክብብ 9፥11 ጊዜና ዕድል ሁሉንም እንደሚያገኛቸው ይናገራል። ጌታም በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ካህኑ በዚያ መንገድ ድንገት እንደወረደ ነግሮናል። በኢሳይያስ 65፥11 የተወቀሱት ግን ሌላ ናቸው። እነርሱ እግዚአብሔርን ትተው ለዕድልና ለዕጣ አማልክት ማዕድ የሚያዘጋጁ፣ ወይን የሚቀዱ ሰዎች ነበሩ። ጥፋታቸው ዕድልን ጌታ ማድረጋቸው ነው።

አሁን ወደ ሩት ምዕራፍ 2 እንሂድ። በዚህ ጉዳይ ላይ እንደዚህ ምዕራፍ ያስተማረኝ የለም።

ሩት ሞዓባዊት ናት፤ ለእስራኤል ባዕድ። ባሏ ሞቷል። የገብስ አጨዳ ሲጀመር ከአማቷ ከኑኃሚን ጋር ቤተ ልሔም ገባች። አንድ ቀን ለመቃረም ወጣች፤ ቁጥር 3 ላይ እንዳጋጣሚ ቦዔዝ የሚባል ሰው እርሻ ላይ እንደደረሰች እናነባለን። ያን ዕለት ራእይ አላየችም። መልአክም መንገድ አላሳያትም። ሰው የሚያጭድበት እርሻ አየችና ገባች። ጎረቤት ቢያያት «ዕድሏ ነው» ብሎ ያልፋል።

ነገሩን ወደ ኋላ ሄደን እንየው። እግዚአብሔር በዘሌዋውያን 19 የእርሻችሁን ዳር ጨርሳችሁ አትጨዱ፣ ቃርሚያውን ለድሃና ለመጻተኛ ተዉለት ብሎ ነበር። ይህ ትእዛዝ ሩት ከመወለዷ ብዙ ዘመን በፊት የተሰጠ ነው። ያለዚህ ሕግ የምትቃርመው ባልኖረ ነበር። ሕግ ግን ብቻውን አያበላም። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ሰው ሁሉ ደስ ያለውን የሚያደርግበት። ቦዔዝ ጎልማሶቹን እንዳይነኳት አዟል። ኑኃሚንም ሌላ እርሻ ብትሄድ ጉዳት እንዳያገኛት ፈርታለች። ስለዚህ ሁሉም ማሳ ደህና አልነበረም ማለት ነው። ሩት የደረሰችው ግን ሕጉን የሚፈጽም ሰው ማሳ ላይ ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 1 የቦዔዝ እናት ረዓብ እንደሆነች ይጽፋል፤ ይህች የኢያሪኮዋ ከነዓናዊት ረዓብ እንደሆነች ብዙዎች ይረዱታል። መጻተኛ ሴት ምን እንደምታሳልፍ ከቤቱ ያወቀው ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ ቁጥር 16 ነው። ቦዔዝ አጫጆቹን ከነዶው እያወጣችሁ ተዉላት፣ አትገሥጹአትም አላቸው። ሩት ያገኘችው ዘለላ ወድቆ የቀረ መስሏት ይሆናል። እነርሱ ግን ሆን ብለው ነው የጣሉላት። ማታ ወቅታ ስትሰፍረው አንድ ኢፍ ያህል ገብስ ሆነ፤ በዛሬው ከ20 ሊትር በላይ። ለአንድ ቀን ቃርሚያ ይህ በጣም ብዙ ነው። ኑኃሚን አይታው «ምን ዓይነት ዕድለኛ ነሽ» አላለችም። ያየሽ ሰው የተባረከ ይሁን ብላ መረቀች። የሰውየውን ስም ስትሰማ ደግሞ ቸርነቱን ከሕያዋንና ከሙታን ያላራቀውን እግዚአብሔርን ጠራች። ከገብሱ ጀርባ ሰው አየች፤ ከሰውየው ጀርባ ደግሞ አምላኳን።

በዓረብ አገር የሚሠሩ እህቶቻችን «ጥሩ ማዳም ደረሰችኝ» ይላሉ። ትልቅ ነገር ነው፤ ለብዙዎች ሕይወት ወይም ሞት ነው። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን እኛ ቤት የምትሠራ ልጅ ደግሞ እኛን «የደረሱኝ ሰዎች» ትለናለች። የእሷ ዕድል እኛ ነን። ደመወዟ በቀኑ ይሰጣታል? ሲያማት ታርፋለች? ትምህርት እንድትማር ሰዓት ተትቶላታል? የእርሻው ዳር እዚህ ጋ ነው። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ሥራ እስኪያገኝ ሳሎናችሁ ውስጥ ያደረበት ሶፋም ከዚያ ይቆጠራል። እሱ «ዕድለኛ ነበርኩ» ብሎ ይተርከዋል፤ እናንተ ግን አስባችሁበት፣ ቤታችሁን አጣባችሁ ነው ያደረጋችሁት።

ዕጣው ያልደረሰውስ? ዘፍጥረት 39 እግዚአብሔር ከዮሴፍ ጋር እንደነበረና ሥራው እንደተከናወነለት ይናገራል። መቼ? ወንድሞቹ ሸጠውት በጲጥፋራ ቤት ባሪያ ሳለ። ምዕራፉ ሲያልቅ ይህንኑ ይደግመዋል፤ ያኔ ደግሞ እስር ቤት ነው። ማንም ዕድለኛ አይለውም ነበር። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎችም ከሌሎቹ የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ጌታ ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ ቪዛ የተከለከለውን፣ ልጅ ያላገኘችውን፣ ንግዱ የከሰረበትን ሰው «ጸሎትህ ጎድሎ ይሆናል» አትበሉት። ኑኃሚን «ሙሉ ሆኜ ወጣሁ፣ ባዶዬን መለሰኝ» ብላ በከተማው ሴቶች ፊት ስታማርር ሩት አጠገቧ ነበረች። ለምን እንዲህ ትያለሽ ብላ አልተከራከረቻትም። ልቃርም ልሂድ ብላ ፈቃድ ጠየቀቻት፤ ማታ ገብሱን ተሸክማ መጣች፣ ከምሳዋ የተረፋትንም አውጥታ ሰጠቻት።