«ሰርቪካል ስፖንዲሎሲስ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እናቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው የምትኖረው። አንገቷን ሲያማት ራጅ ተነሳች። ወረቀቱ ላይ «ሰርቪካል ስፖንዲሎሲስ» የሚል ተጽፎ መጣ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አዙራ ደጋግማ አየችው። «አንገቴ ተበላ ማለት ነው?» ብላ ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች።

እማዬ፣ አልተበላም። አንገት 7 አጥንቶች አሉት። በአብዛኞቹ መሃል እንደ ትራስ የሚያገለግሉ ዲስኮች አሉ። ዕድሜ ሲገፋ ዲስኮቹ ውሃቸው እየቀነሰ ይሳሳሉ። አጥንቱም ጠርዙ ላይ ትንሽ ትርፍ አጥንት ያበቅላል። እንደ ፀጉር ሽበት በሉት። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ አብዛኞቹ ሰዎች ራጅ ቢነሱ ይታይባቸዋል፤ ብዙዎቹን ግን ምንም አያማቸውም።

ሲያም ሞቅ ያለ ፎጣ፣ ሐኪም ያዘዘው ማስታገሻና ፊዚዮቴራፒ ይረዳሉ። አንገትን ሳያንቀሳቅሱ መክረም ግን ይብሱን ያደርቀዋል። እናቴ አሁን ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ወክ ታደርጋለች። ከፍ ያለ ትራሷንም ቀይራለች። ወጌሻ አንገቷን እንዲጠመዝዘው ግን በፍጹም አልፈቅድም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። እጅ ከዛለ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ካቃተ፣ እግር ከተንገዳገደ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረ ኅብለ ሰረሰሩ ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ «ነገ ይሻለኛል» አትበሉ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።