ግልጽ ችሎት ምንድን ነው?

«ካሜራ ያልገባበት ችሎት ዝግ ችሎት ነው» የሚለውን አባባል ሰሞኑን ከአንድ ተንታኝ አንደበት እንደገና ስሰማ፣ ሁለቱ ቃላት በሕግ ያላቸውን ትርጉም በጽሑፍ ማስቀመጥ ግድ ሆነብኝ።

ችሎት ግልጽ ነው የሚባለው ጉዳዩ የማይመለከተው ሰው ጭምር ገብቶ መቀመጥ፣ የሚባለውን መስማትና ወጥቶ መናገር ሲችል ነው። ጋዜጠኛውም ማስታወሻውን ይዞ ከታዳሚው መካከል ይቀመጣል። ዝግ የሚሆነው በሩ በዳኛ ትእዛዝ ሲዘጋ ነው፤ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 14 ሕዝብና ጋዜጠኛ ከችሎት እንዲወጡ የሚደረግባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር ስለ ካሜራ አንድም ቃል አያነሳም።

ተንታኙ «በሩ ከተከፈተ ካሜራው ለምን ይከለከላል?» ብለው ይጠይቃሉ። በበሩ የገባ ሰው ክፍሉን በሙሉ ያያል፣ ጥያቄውንም መልሱንም በቅደም ተከተል ይሰማል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እሱም ይታያል፣ ምስክሯ ቀና ስትል ማን እየሰማት እንደሆነ ታውቃለች። በካሜራ በኩል የሚገባው ታዳሚ አይታይም፣ አይቆጠርም፤ ብዙ ጊዜ የሚደርሰውም ከሰዓታት መስቀለኛ ጥያቄ ተቆርጦ የወጣ የግማሽ ደቂቃ እንባ ነው። ካሜራ እንግዲህ የራሱ ዘብ የሚያስፈልገው ሁለተኛ በር ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1965 በኤስቴስ ጉዳይ በቴሌቪዥን ቀረጻ ምክንያት የጥፋተኝነት ውሳኔ ሻረ፤ በ1981 ደግሞ በቻንድለር ጉዳይ ቀረጻ በራሱ ፍትሐዊ ዳኝነትን አያጓድልም አለ። እንግሊዝ በ1925 ባወጣችው ሕግ ፎቶ ማንሳት ቀርቶ በችሎት ውስጥ ሥዕል መሣልን እንኳ ስለከለከለች፣ ሠዓሊው የተከሳሹን ፊት በዓይኑ አጥንቶ ይወጣና ከትዝታው ይሥለዋል። በሩ ግን ክፍት ነው።

ቀረጻን አልቃወምም፤ ምስክር የማይሰማበት የይግባኝ ክርክር ቢተላለፍ እደግፋለሁ። ምስክር በሚሰማበት ችሎት ግን ተንታኞች የማያነሱት ሥርዓት አለ፦ ተራቸውን የሚጠብቁ ምስክሮች የሌላውን ቃል እንዳይሰሙ ውጭ እንዲቆዩ ይደረጋል። ሥርጭቱ ቀጥታ ሲሆን ኮሪደር ላይ የተቀመጠው ሦስተኛ ምስክር የመጀመሪያውን ቃል በስልኩ ያዳምጣል፤ ጠበቃው በመስቀለኛ ጥያቄ ልዩነቱን ሊያወጣው የነበረ ሰው ቃሉን አስተካክሎ ይገባል።