አርቪ ፓርክና የሳን ሁዋን ተራሮች፦ ስንሰማቸው የኖርናቸው ስህተቶች

ዴንቨርና አውሮራ ሐበሻ ሞልቷል። በደቡብ ምዕራብ ኮሎራዶ ያሉትን የሳን ሁዋን ተራሮች ሄዶ ያየ ግን ስፈልግ የማገኘው ጥቂት ነው። ለምን ስል የሚነገሩኝ ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው። አንዳንዱ አባባል ሰውን ከመንገድ ያስቀራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳይዘጋጅ ገደል አፋፍ ይልከዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው።

«አርቪ ፓርክ ቤት ያጣ ሰው መኖሪያ ነው»

አርቪ ማለት አልጋ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ያለው የጉዞ መኪና ነው። ይህ የሚባለው ፓርኩ ከቋሚው የትሬለር መንደር ጋር ስለሚምታታ ነው። ዩሬይ፣ ሲልቨርተንና ሌክ ሲቲ በተባሉት የተራራ ከተሞች አጠገብ ያሉት ፓርኮች በአዳር እየከፈላችሁ ውሃ፣ መብራትና ፍሳሽ የምታገናኙባቸው የእረፍት ቦታዎች ናቸው። እኛ መጀመሪያ የሄድን ቀን መኪናውን ወደ ኋላ ማስገባት አቅቶኝ ስንገታገት፣ ጎረቤት የነበሩ አዛውንት ባልና ሚስት ሳልጠይቃቸው ወጥተው በእጅ ምልክት እየመሩ አስገቡኝ። ማታ ባለቤቴ ደጅ ላይ ቡና ስትቆላ ሽታው ጠራቸው፤ ወንበራቸውን ይዘው መጡ። የትኛው መንገድ ላይ ገና በረዶ እንዳለ የሰማነው በሁለተኛው ስኒ ላይ ከእነሱ ነው። በብዙ ፓርኮች ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ድምፅ አይሰማም፤ ይህንን ማክበር ግዴታ ነው።

«የሽንት ቤቱን ቧንቧ ከፍቶ መተው ይቀላል»

እንዲያ ከሆነ ፈሳሹ ብቻ ይሄድና ደረቁ ታንኩ ውስጥ ተከምሮ ይቀራል። ዘግታችሁ አቆዩት። ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲሞላ መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ የእጣቢውን ታንክ ልቀቁ፤ እጣቢው ቱቦውን አጥቦላችሁ ይወጣል። መብራቱም ወሰን አለው። ባለ 30 አምፒር መስመር 3,600 ዋት ብቻ ስለሚሸከም ኤሲውና ምጣዱ አንድ ላይ ከበሩ ይጠፋል።

«አሥራ ስምንት ጎማ የነዳሁ ሰው ነኝ፣ ይኼ ምን አላት?»

ከወንድሞቻችን ብዙዎቹ የጭነት መኪና ሹፌሮች ስለሆኑ ይህን ደጋግሜ እሰማለሁ። ልምዱ አስፋልቱ ላይ በእርግጥ ይጠቅማል። ከዩሬይ ወደ ሲልቨርተን የሚወስደው 550 መንገድ በብዙ ቦታ የገደል መከለያ የለውም፤ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ከዚያ በላይ ያለው አልፓይን ሉፕ የተባለው ዙሪያ መንገድ ግን በማዕድን ቆፋሪዎች ዘመን የተከፈተ ኮረኮንች ነው። ኢንጂነር ፓስ የሚባለው የተራራ በር 3,900 ሜትር፣ ሲናሞን ፓስ ደግሞ 3,850 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። አርቪው ፓርኩ ውስጥ ይቀራል። የሚወጣው ከመሬት ከፍ ያለና ዝቅተኛ ማርሽ ያለው ፎር ዊል ነው፤ ከተማ ውስጥ የምንነዳው ኤስዩቪ አብዛኛው ይህ ማርሽ የለውም። ጂፕ እዚያው ከተሞቹ ውስጥ ይከራያል። ቁልቁለት ላይ መኪናውን ማርሹ ይያዘው፤ ፍሬን ብቻ ረግጦ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይለዋል። ጠባብ ቦታ ላይ ስትገናኙ ቅድሚያው ዳገት ለሚወጣው ነው። አልፓይን ሉፕ 65 ማይል ብቻ ነው ተብሎ አይናቅ፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ስልክም በአብዛኛው አይሠራም፣ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ።

«አዲስ አበባ ላደገ ሰው ከፍታ ምኑም አይደል»

ዩሬይ 2,375 ሜትር ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሰውነት የለመደውን ከፍታ ዝቅ ብሎ ሲኖር በሳምንታት ውስጥ ይረሳል፤ ዴንቨር ደግሞ 1,600 ሜትር ላይ ናት። የተራራ በሮቹ ከአዲስ አበባም በ1,500 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። አንድ ሁለት ሌሊት ዩሬይ አድራችሁ ውጡ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጠና ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው፣ በተለይ ለልጆች።

በሐምሌና በነሐሴ ከቀትር በኋላ መብረቅ ስለሚበዛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ከቀትር በፊት መውረድ ነው። ከላይ መጠለያ የሚሆን ነገር የለም።

«የተራራ ውሃ ንጹሕ ነው፣ ይጠጣል»

እዚህ አይጠጣም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2015 ከሲልቨርተን በላይ ባለው ጎልድ ኪንግ የተባለ የተተወ ማዕድን ማውጫ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቡድን ሲሠራ የታቆረው ውሃ አፈትልኮ ወጣ። 3 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ነበር፤ የአኒማስ ወንዝ ብርቱካናማ ሆነ። እንዲህ ያሉ የተተዉ ጉድጓዶች በየሸንተረሩ አሉ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ውሃው ውስጥ የሟሟ ብረት አያወጣም።

«ባዶ መንደር ነው፣ ማስታወሻ ብወስድ ማን ይጎዳል?»

አኒማስ ፎርክስ 3,400 ሜትር ላይ ያለች ሰው የለቀቃት የማዕድን መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1884 ለ23 ቀን በረዶ ሲጥልባት ነዋሪዎቿ ከቤት ወደ ቤት የሚሄዱት በረዶውን እየፈለፈሉ ነበር። መሬቱ የሕዝብ ነው፣ ዕቃ መውሰድም ሕግ ይከለክላል። ይህን ሳስረዳት ልጄ ከእጇ መዳፍ የዛገ ሚስማር አሳየችኝ። ከዚያ ሮጣ ሄዳ ያነሳችበት ጣውላ ላይ፣ የዝገቱ ምልክት በቀረበት ቦታ፣ አስተካክላ መለሰችው።